ጳጉሜን ደመወዝ የላትም

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)



ዛሬ ሰኔ 30 ነው። ልጆቻችን የዓመቱን ካርድ ይዘው የገቡበት ቀን። አሁን በየቤቱ ካርዱ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ነው፤ ደረጃ የያዘው ይሳማል፣ ዝቅ ያለው ይመከራል። ከካርዱ ጋር ታጥፋ የምትመጣ አንዲት ወረቀት ደግሞ አለች። እሷን ለልጅ አናሳይም። የመጪው ዓመት መመዝገቢያ፣ የወርኃዊ ክፍያው ጭማሪ፣ የዩኒፎርሙ ዋጋ የሰፈረባት ናት። እኔም የሦስት ልጆች እናት ነኝና አውቃታለሁ። አባትየው አንብቦ ዝም ይላል፣ እናትየዋ ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች፣ ወሬው ወደ ሌላ ይዞራል። ዛሬ የምናወራው በዚያ ዝምታ ውስጥ ስላለው ነገር ነው፤ ስለ ወላጅ ዕዳ።

«ዕዳ ከሜዳ» እንላለን፣ ያላሰብነው ጣጣ ሲወድቅብን። ልጅ ታሞ ሆስፒታል ሲተኛ ወይም ሥራ ድንገት ሲቋረጥ በእርግጥም ዕዳው ከሜዳ ነው። የራሴን ቤት ዕዳ አንድ በአንድ ስመረምረው ግን ከሜዳ የመጣው ጥቂቱ ሆኖ አገኘሁት። የሚበዛው የመጣው ግድግዳችን ላይ ከተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ነው። መስከረም በየዓመቱ ይመጣል። ገናም፣ ፋሲካም፣ ኢድም ቀናቸው ይታወቃል። የሚመጡበትን ቀን እያወቅን በመጡ ቁጥር እንደ እንግዳ ደራሽ ነው የምንደነግጥላቸው።

ይህን ስል ወላጁ የገንዘብ አያያዝ አያውቅም ማለቴ አይደለም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሬ ለውጥ ወዲህ የዘይቱ፣ የመድኃኒቱ፣ የልጅ ጫማው ዋጋ የት እንደደረሰ እናንተው ታውቃላችሁ። ገቢው በዚያው ልክ ያላደገለት ሰው ምንም ያህል ቢያብቃቃ ይጎድለዋል። ያንን ጉድለት እኔ በሬዲዮ ንግግር አልሞላውም። ልረዳበት የምችለው ሌላውን ነው፤ ቀኑን እያወቅነው ሳንዘጋጅለት የምንበደረውን።

እስቲ አብረን እንቁጠር። ሐምሌ 30 ቀን፣ ነሐሴ 30 ቀን፣ ጳጉሜን 5 ቀን፤ በአራት ዓመት አንዴ 6። ከነገ ጀምሮ እስከ እንቁጣጣሽ ዋዜማ 65 ቀን አለን ማለት ነው። አሁን ደግሞ ደመወዙን እንቁጠር። በእኛ አቆጣጠር ለሚከፈለው ሠራተኛ ወሩ 13 ነው፣ ደመወዙ 12። የነሐሴን ደመወዝ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ከተቀበለ፣ የሚቀጥለውን የሚያየው መስከረም ሲያልቅ ነው። በመሃል ያለው 35 ቀን ነው። ለበዓል ተብሎ የነሐሴው ቀደም ብሎ ከተከፈለ ደግሞ ከዚያም ይረዝማል። እንግዲህ በዚያ 35 ቀን ውስጥ ምን ምን እንዳለ አስቡት፦ የእንቁጣጣሽ ዶሮ፣ ቅቤና ሽንኩርት፤ የትምህርት ቤት መክፈቻ፤ ዩኒፎርም፣ ደብተር፣ ቦርሳ፤ መስከረም 17 ደግሞ መስቀል፤ ለመስቀል አገር ቤት የሚገባው ቤተሰብ የሥጋውና የመሳፈሪያው። የዓመቱ ትልቁ ወጪና የዓመቱ ረጅሙ ወር አንድ ላይ ይገጥማሉ። ጳጉሜን ደመወዝ የላትም፤ ልጆቻችን ግን በጳጉሜንም ይበላሉ።

እኔ ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ መስከረም አጋማሽ ላይ፣ መካከለኛውን ልጄን ዘይትና ሳሙና እንዲያመጣ ሰፈራችን ካለው ሱቅ ላክሁት። ሰባት ዓመቱ ነበር። ገንዘብ አልሰጠሁትም፤ እንደ ወትሮው «ጻፍብን በለው» ነው ያልኩት። የባለሱቁን የዱቤ ደብተር አሁንም በዓይኔ አየዋለሁ። ጫፉ በዘይት የወዛ፣ ከሚዛኑ ሥር የሚቀመጥ ደብተር ነው። በየገጹ አናት ላይ ስም የለም። «ባለ ሰማያዊ በር»፣ «የነርሷ»፣ «ሦስተኛ ፎቅ ግራ» ይላል። የእኛ ገጽ «የሬዲዮዋ» ነበር የሚለው።

ልጄ ባዶ እጁን ተመለሰ። «እማዬ፣ ጋሼ ገጻችሁ ሞልቷል በላት አለኝ» አለ። ትንሽ አሰብ አደረገና፣ «ግን እኮ ደብተሩ ብዙ ባዶ ገጽ አለው፤ እኔ አይቼዋለሁ፤ ለጋሼም ነግሬዋለሁ» አለኝ።

የምለው ጠፋኝ። ባለሱቁ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሁለት ወር ሙሉ ታግሶናል። ጨካኟ እኔ ነበርኩ፤ ለአዋቂ የሚነገረውን «የለኝም» የሰባት ዓመት ልጅ ትከሻ ላይ ጭኜ የላክሁት።

የዚያን ዕለት ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ከባለቤቴ ጋር ቁጭ አልን። ከልጆቹ አሮጌ ደብተር የተረፈ ቅጠል አወጣን። «ያለብንን ሁሉ እንጻፈው» አልኩት። እሺ አለ፤ እስክሪብቶውን ግን ማናችንም ቶሎ አላነሳንም። ለካ እኔ ከእሱ የደበቅሁት ሁለት ዕዳ ነበረኝ፣ እሱም ከእኔ የደበቀው ሦስት። የእኔ ከሥራ ባልደረባዬ የወሰድኩትና ያልጣልኩት የሁለት ወር እቁብ ነው። የእሱ ደግሞ ከመሥሪያ ቤት የተወሰደ የደመወዝ ቅድሚያ፣ በስልኩ የወሰደው ብድርና የወንድሙ ገንዘብ። ሁለታችንም የደበቅነው በፍቅር ነው፤ አንዱ ለሌላው እንዳይጨነቅ ብሎ። ውጤቱ ግን አንድ ደመወዝ ለሁለት ዕዳ ቃል መግባት ሆነ። እሱ በልቡ ለወንድሙ የመደበውን ብር እኔ በልቤ ለእቁቡ መድቤው ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ይኸው ነው አድማጮቼ፤ ማስላት ሳይሆን መናገር። ባልና ሚስት ሆናችሁ አንድ ወረቀት ላይ ጻፉት። ልጅ ብቻዋን የምታሳድግ እናት ከሆንሽም ከምታምኛት እህትሽ ወይም ጓደኛሽ ጋር ተቀምጠሽ ጻፊው። ለማን፣ ስንት፣ መቼ። ከዚያ አንድ ነገር ጨምሩበት፦ ሳይከፈል ሲቆይ ይጨምራል ወይስ ባለበት ይቆያል? የመክፈሉን ተራ የሚወስነው እሱ ነውና እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ሁሉም ዕዳ አንድ አይደለም። በየሰፈሩ በወር ከመቶ 10 የሚያበድሩ ሰዎች እንዳሉ ታውቃላችሁ። ለትምህርት ቤት ክፍያ ብሎ 20 ሺህ ብር የወሰደ ወላጅ በየወሩ 2 ሺህ ብር ወለድ ይከፍላል። አሥር ወር ሲሞላ የወሰደውን ያህል 20 ሺህ ብር ከፍሏል፤ ዋናው ገንዘብ ግን ሳይነካ እዚያው ተቀምጧል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2479 ተዋዋዮች የሚስማሙበት የብድር ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ይደነግጋል። የባንኮች ወለድ በራሱ ደንብ ይመራል፤ በግለሰብና በግለሰብ መካከል ግን ልኩ ይኸው ነው። ለ20 ሺህ ብር በዓመት 2,400 ብር ማለት ነው። ሕጉ በዓመት የፈቀደውን አራጣ አበዳሪው በ36 ቀን ይሰበስበዋል። አራጣ በወንጀል ሕጋችንም በአንቀጽ 712 ያስቀጣል።

ታዲያ ተበዳሪው ለምን አይከስም? አበዳሪው ወለዱን ወረቀት ላይ አያሰፍረውማ። 20 ሺህ ሰጥቶ «30 ሺህ ብር ተበድሬያለሁ» ብለህ ፈርም ይላል፤ ወይም የተፈረመበት ቼክ ይቀበላል። እባካችሁ፣ እጃችሁ ያልገባን ገንዘብ ተቀብያለሁ ብላችሁ አትፈርሙ። የቸገረው ሰው ብዙ ነገር እንደሚፈርም አውቃለሁ፤ ቢሆንም ያቺ ፊርማ ከወለዱ የባሰች ናት። ከፈረማችሁም ዝም አትበሉ፤ ሕግ የሚያውቅ ሰው ወረቀቱን ይይላችሁ። በዘመድና በጓደኛ መካከል ያለውንም ብድር ቢሆን ጻፉት። በሕጉ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ ነው፤ ጽሑፍ ከሌለ የሚቀረው ተበዳሪው ፍርድ ቤት ቀርቦ ማመኑ ወይም መሓላ ነው። ሕጉ ሲወጣ 500 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር። ዛሬ አንድ ዶሮ እንኳ ላይገዛ ይችላል፤ ድንጋጌው ግን እንዳለ ነው። መጻፍ አለመተማመን እየመሰለን ስንት ወንድማማች ተኮራርፏል!

በስልክ የሚገኘው ብድር ሌላ ነው። ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋር «መላ»ንና «እንደኪሴ»ን በ2014 ዓ.ም ካመጣ ወዲህ፣ ሌሎችም ከተከተሉ በኋላ፣ ያለ መያዣና ያለ ዋስ መበደር ተችሏል። ልጁ በሌሊት ታሞበት መድኃኒት መግዣ ያጣን ወላጅ ከአራጣ አድኗልና አልኮንነውም። የምፈራው ቅለቱን ነው። ጎረቤት ፊት አትቆሙም፣ ማንም ፊታችሁን አያይም፤ ስለዚህ ያለማሰብ ይደጋገማል። ለአንድ ወር ብድር ከመቶ 5 የአገልግሎት ክፍያ ትንሽ ይመስላል። በየወሩ እየመለሳችሁ መልሳችሁ ብትወስዱ ግን በዓመቱ ከመቶ 60 ከፈላችሁ። የዛሬውን ብድር ለትናንቱ ብድር መክፈያ መውሰድ የጀመራችሁ ቀን፣ ያኔ ቁሙ።

እቁብን ከዕዳ ስቆጥረው የሚከፋው አድማጭ ይኖራል። እኔም እቁብ እወዳለሁ፤ ግን ዕጣው ሲወጣ የሚሆነውን ተመልከቱ። አሥር ሰው በየወሩ 2 ሺህ ብር ይጥላል። በመጀመሪያው ወር የወጣለት ሰው 20 ሺህ ብር ይዞ ደስ ብሎት ይሄዳል፤ ከኪሱ ያወጣው ግን 2 ሺህ ብቻ ነው። የ18 ሺህ ብር ባለዕዳ ነው። መጨረሻ የደረሰው ደግሞ ቆጣቢ ነው። አንድ እቁብ ውስጥ ሆነን አንዳችን ተበዳሪ፣ አንዳችን አጠራቃሚ ነን፤ ከሌላው ብድር ልዩነቱ ወለድ አለመኖሩና ዋስ ያመጣንለት ዳኛ መኖሩ ነው። እኔና አራት የሥራ ጓደኞቼ፣ ሌሎች አምስት ወላጆች ጨምረን፣ ይህን ተጠቀምንበት። በኅዳር የሚጀምር የአሥር ወር እቁብ መሠረትን። ኅዳር ተጀምሮ ነሐሴ ያልቃል። ክፍያው ከሁሉም የሚከብደው ወላጅ ነሐሴንና ሐምሌን ይወስዳል፣ ልጁ ገና ሕፃን የሆነው ይቀድማል፤ ዕጣ የምናወጣው በመሃል ለቀሩት ወራት ብቻ ነው። ዳኛችን መጀመሪያ «እቁብ ያለ ዕጣ እቁብ አይደለም» ብላ ተከራክራ ነበር። በነሐሴ ስትቀበል ግን ቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ ነው የሄደችው።

በመሥሪያ ቤታችሁ የሠራተኞች የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ካለ አባል ሁኑ። ከቆጠባችሁት ጋር ተመዛዝኖ በመጠነኛ ወለድ ያበድራችኋል፤ ከአራጣ የሚያወጣ ጥሩ መሰላል ነው። ወለድ መክፈልም መቀበልም በእምነታቸው ለማይፈቀድላቸው ደግሞ ከወለድ ነፃ አገልግሎት የሚሰጡ ባንኮች አሉን፤ ሄዳችሁ ጠይቁ።

አንድ ስሕተት ደጋግሜ ስላየሁ ልናገር። «ለልጄ» ተብሎ በባንክ የተቀመጠ ገንዘብ እያለ አራጣ የሚከፍሉ ወላጆች አሉ። የቁጠባው ወለድ በዓመት ከመቶ 7 አካባቢ ነው፤ የአራጣው በወር ከመቶ 10። የልጁን ገንዘብ አልነካሁም ብሎ መጽናናት ይቻላል። ግን የልጁ ምሳ በየወሩ ወደ አራጣ አበዳሪው እየሄደ ነው።

አሁን ወደ ገቢው እንምጣ። ደመወዝሽ ስንት ነው ስንባል የምንናገረው ቁጥርና እጃችን የሚገባው አይገናኙም። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም ጀምሮ በሚሠራበት የገቢ ግብር ሠንጠረዥ፣ የመጀመሪያው 2 ሺህ ብር ግብር የለበትም፤ ከዚያ በላይ በየእርከኑ ከመቶ 15 ጀምሮ እስከ 35 ይደርሳል። የ15 ሺህ ብር ደመወዝተኛን ብንወስድ ግብሩ 3,200 ብር፣ የጡረታ መዋጮው በመቶ 7 ሂሳብ 1,050 ብር ይሆናል። የሚቀረው 10,750 ብር ነው። በጀት ከዚህ ቁጥር ነው የሚጀምረው። ስንቶቻችን ግን በሐሳባችን 15 ሺህ እያልን ቃል እንገባለን!

ከዚያ ወሩን ትታችሁ ዓመቱን ጻፉ። መንግሥት እንኳ በጀቱን የሚጀምረው ነገ፣ ሐምሌ 1 ነው፤ ቤትም ከነገ የተሻለ ቀን የለውም። አሥራ ሦስቱን ወራት ወደ ታች ዘርዝሩና በየወሩ የሚታወቀውን ወጪ አስፍሩ። መመዝገቢያ፣ ዩኒፎርም፣ በዓላቱ፣ የእድሩ ዓመታዊ ክፍያ፣ የክርስትናው፣ የተዝካሩ። በእኛ ቤት ያን ዓመት ከወር ወጪ ውጪ ያለው ተደምሮ 36 ሺህ ብር መጣ። ለ12 ደመወዝ ሲካፈል 3 ሺህ ብር። ደነገጥኩ፤ ከደመወዛችን 3 ሺህ ብር የእኛ ሆኖ አያውቅም ነበርና። ሳናውቀው ከመስከረም ገንዘብ ላይ ስንበላ ኖረናል። ለዘንድሮው መስከረም በቀረን 65 ቀን ሁሉንም ማሟላት አይቻልም፤ ይህን በግልጽ ልንገራችሁ። የሚቻለው ብድሩን ማሳነስ ነው። ከዚያ ጥቅምት ላይ ለመጪው መስከረም መጀመር።

ቁጥሩን ስንቀንስ ዋናው ችግር ሒሳብ እንዳልሆነ አየን፤ ይሉኝታ ነው። በዚሁ በሰኔ ወር ስንት ወላጅ ለመዋዕለ ሕፃናት ምረቃ ጋውን ተከራይቷል፣ ፎቶ አስነስቷል፣ ኬክ አዝዟል! ስድስት ዓመት ያልሞላው ልጅ የሚመረቀው ወደ አንደኛ ክፍል ለመግባት ነው፤ ክፍያው ግን የአንደኛ ክፍሉን መመዝገቢያ ይበላል። በደስታው ላይ ቅር የሚለኝ ነገር የለም። ልጁ ግን የሚያስታውሰው ጋውኑን ሳይሆን እናቱ እያጨበጨበች መሳቋን ነው፤ እሱ ደግሞ አይከራይም።

ከዚህ የሚከብደው የትምህርት ቤቱ ጉዳይ ነው። የእኛ ትልቋ ልጅ ስምንተኛ ክፍልን ጨርሳ ከግል ትምህርት ቤት ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ስትዛወር ለሁለት ሳምንት እንቅልፍ አልነበረኝም። ዘመድ ምን ይላል የሚለው አስጨንቆኝ ነበር። የሄድኩት ርእሰ መምህሯን አነጋግሬ፣ ክፍሉን አይቼ፣ የሚያስተምሩትን መምህራን ጠይቄ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከ2012 ዓ.ም ወዲህ የከተማው አስተዳደር ለመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆች ዩኒፎርምና ደብተር ሲያቀርብ፣ ለትንንሾቹም ምገባ ሲያደርግ ብዙ ቤተሰብ ትንፋሽ አግኝቷል። ሁሉም ልጁን ያዛውር አልልም። የማይችለውን ክፍያ በአራጣ የሚከፍል ወላጅ ግን ልጁን እያስተማረ ሳይሆን አበዳሪውን እያበለጸገ ነው፤ ይህን ሳልሸሽግ እናገረዋለሁ። መዛወሩን ካልፈለጋችሁም የጭማሪ ስብሰባ ሲጠራ አትቅሩ። ሄዳችሁ በየወሩ ከፍሎ የመጨረስ ጥያቄ አቅርቡ። ቀኑ ሳያልፍ የጠየቀን ወላጅ ትምህርት ቤትም ያደምጣል፤ ባለሱቅም፣ ወንድምም እንደዚያው። ሰው የሚቀየመው ገንዘቡ ሲዘገይበት ሳይሆን መንገድ ሲቀይሩበት፣ ስልክ ሲዘጉበት ነው።

ልጆቹስ? እነሱ ያውቃሉ። ብሩን ላያውቁ ይችላሉ፤ በር ሲንኳኳ እናታቸው «የለችም በሉ» ማለቷን ያውቃሉ። እኛ መጠኑን አልነገርናቸውም፤ የአዋቂ ሸክም ነው። የነገርናቸው የምናደርገውን ነው። «እስከ ጥር ድረስ ለሱቁ እየከፈልን ነው፤ ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ፒዛ የለም፣ አምባሻ ግን አለ» አልናቸው። ትልቋ የገናን ወጪ ከአባቷ ጋር ሆና ጻፈች። ቅቤው ላይ ስትደርስ ዋጋውን ሰምታ ሁለት ጊዜ ጠየቀች።

በጥር፣ ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት፣ ያንኑ መካከለኛ ልጄን ይዤ ሱቁ ሄድኩ። የቀረውን ገንዘብ ቆጥሬ ሰጠሁት። ባለሱቁ ደብተሩን ከሚዛኑ ሥር አወጣና «የሬዲዮዋ» በሚለው ገጽ ላይ ከጥግ እስከ ጥግ ሁለት መስመር አሰመረበት። ከዚያ ልጄን አየት አድርጎ፣ «ይኸው ጎረምሳው፣ ባዶ ገጽ አለ አላልክም? አዲስ ልክፈትላችሁ?» አለው።

ልጄ ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ወደ እሱ ዞረና፣ «አይ ጋሼ፣ አንድ ሳሙና ነው የምንፈልገው፤ በካሽ» አለ። መልሱን ተቀብሎ ደፉ ላይ ቆሞ ሳንቲሙን ሳይቀር ቆጠረው።



(የመዝጊያ ሙዚቃ)